በየዓመቱ አዲስ ለሆኑት መምህር

ውድ ቲቸር፣

ከሁሉ አስቀድሜ በፍጹም ትሕትናና በተሰበረ ልብ የምናዘዘው ነገር አለኝ፦ የእርስዎን አረማመድ እያስመሰለች ክፍሉን የምታስቀው እኔ ፌንጣ ነኝ። እጅ ወደ ኋላ፣ ሆድ ወደ ፊት፣ መነጽር አፍንጫ ጫፍ ላይ። ከሄዱ ወዲህ ግን ማንም አልሳቀልኝም። ባለፈው ሳምንት እንዲያውም አንዷ አለቀሰችና ትርኢቴን አበላሸችብኝ።

አዲሱ የጂኦግራፊ አስተማሪ ደህና ሰው ነው። ካርታ ሰቅሎ በዱላ ይጠቁማል እንጂ እንደ እርስዎ ዓይኑን ጨፍኖ በጠመኔ አይስልም። ያ ዝናብ ትዝ ይልዎታል? ቆርቆሮው ላይ ወርዶ ድምፅዎን ሲውጠው መጽሐፉን አስቀመጡና ወፍራሙን ልጅ መሐል አቁመው ፀሐይ መሆኑን በምልክት ነገሩት። ከዚያ መሬት ሆነው እየተሽከረከሩ ዞሩት። ዙሩን ሊጨርሱ ሲሉ ራስዎን አዞረዎትና እኔ ዴስክ ላይ ተደገፉ። ዝናቡ ሲያባራ «ይኸው፣ ዓመት አለፈ» አሉን። እኔ እስከ ዛሬ ዓመት የሚያልፈው እንደዚያ ይመስለኛል፤ አንድ ትልቅ ሰው ላቡን እየጠረገ ሲዞር።

ለነገሩ እኛ ትምህርት ቤት ዓመት አያልፍም። ትምህርት ሲዘጋ መምህራኑ ሁሉ ስንብት ይፈርማሉ፤ ሲከፈት እንደ አዲስ ይቀጠራሉ፤ ከዚያ ሰልፍ ላይ ፊታችን ተደርድረው ይተዋወቁናል። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ንግግራቸው ሲጀመር የተተከለ ችግኝ ሲያበቃ ጥላ ይሰጣል፤ በመጨረሻ ግን «አዲሱን መምህራችሁን በጭብጨባ ተቀበሉ» ይላሉ። እርስዎ ያን ሁሉ ሽበት ተሸክመው አንድ እርምጃ ወደ ፊት። አንድ ጊዜ ከኋላ «እንኳን ደህና መጡ፣ አገሩን ለመዱት?» ብዬ ጮህኩ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጆሮዬን ቆነጠጠኝ። እሱንም ያስተማሩት እርስዎ ነዎት፤ ቁንጥጫውን ግን ከእርስዎ አልተማረውም።

ያኔ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። ያስረዳችኝ እማዬ ናት። በየዓመቱ አዲስ የሚሆን ሰው መቼም ቋሚ አይሆንም፤ ቋሚ ያልሆነ ሰው ደግሞ «በቃህ» ሲሉት «ለምን?» ማለት አይችልም። እሷም እኮ ከጽሕፈት ቤት ወጥታ በየዓመቱ እዚያ ትቆማለች፤ «አዲሷ ጸሐፊያችን»። ልጇ ስለሆንኩ አብልጬ አጨበጭብላታለሁ።

ከዚያ የግል ትምህርት ቤቶች መመሪያ ወጣ፤ ሥራው ቀጣይ ከሆነ መምህሩም ቋሚ ነው የሚለው። እርስዎ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው አነበቡትና «እንግዲህ እኔ አርጅቻለሁ፤ አዲስ መሆን አያምርብኝም። ቋሚ ብላችሁ ጻፉልኝ» አሉ። እማዬ ሻዩ ትን አላት። በሳምንቱ «በሙከራ ጊዜያቸው ብቁ ሆነው አልተገኙም» የሚል ወረቀት ደረሰዎት። የተየበችው እማዬ ናት። የዚያን ቀን ራት አልቀመሰችም።

የመምህራን ማኅበር ስለ እርስዎ ያቀረበው ክስ ሰኞ ችሎት አለው። ትምህርት ቤቱ «ሰውየው የዘንድሮ ቅጥር ናቸው» ብሏል። የማኅበሩ ጠበቃ ምስክር ፍለጋ ቢመጡ መምህራኑ ሁሉ በአንድ ቀን ሥራ በዛባቸው። እርስዎም እህትዎ ዘንድ ገብተው «ተዉት፣ ይቅር» ብለዋል አሉ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይኼ ነው። ሞኝ ያልኩዎት በአክብሮት ነው።

እኔ ልመሰክር ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሳጨበጭብልዎት የኖርኩ ሰው ነኝ። ለእማዬ ብነግራት፣

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» አለችኝ።

«ምግብም አይገባም» አልኳት።

«ምግቡ ከየት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ? እኔን ሲያባርሩኝ አንቺስ የት ልትማሪ ነው? አርፈሽ አጥኚ።»

መጽሐፌን ገለጥኩ። እኔ ማጥናቴን አይንገሩብኝ። እውነቷን እኮ ነው ቲቸር፤ እኔ በአንድ ጠዋት የምናገረውን እሷ ዓመቱን ሙሉ ልትከፍልበት ትችላለች። ግን እርስዎን «አያውቁም፣ ብቁ አይደሉም» ብለው በጽሑፍ ካስቀሩት፣ እኔ ከእርስዎ የተማርኩት ሁሉ ምን ሊባል ነው?

ስለዚህ ተደብቄ ነው የምጽፍልዎት። ሰኞ ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ ወደ ክፍል የምሄድ መስዬ፣ ብቻዬን ችሎት እሄዳለሁ። እርስዎ ብቻ ይምጡ። ባለጉዳዩ ቀርቶ ምስክር ብቻ ሲቆም ያስቃል፤ እኔ ደግሞ ሳላስበው መሳቂያ መሆን አልወድም።

ብዕሬን ላሳርፍ ስል ከኋላዬ ወለሉ ሲጥ አለ።

«ፌንጣ።»

እማዬ ናት። ከየትኛው መስመር ጀምሮ እንዳነበበች እንጃ። ወረቀቱን ለመሸፈን ብሞክር እጄን አነሳችው።

«አንድ ቃል ሰርዢ» አለችኝ።

«የቱን?»

«‹ብቻዬን› የሚለውን። የሁሉንም ስንብት በየዓመቱ የምተይበው እኔ ነኝ። ከእኔ በላይ ማን ሊያውቅ?»

ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ቃሉን ሰርዤዋለሁ ቲቸር፤ ሰኞ ይምጡ።

የዘወትር ተማሪዎ ፌንጣ፣
ከእናቷ ጋር