ሐይቁን ሁለት ጊዜ የዞርንበት ቀን

እንደ እናቴ ለማይሽ እህቴ፣ ለእትዬ ፋንታነሽ ደርሶ፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ወጥቶ ከደጃፍሽ ይድረስ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ቁርጥማቱ ተወሽ? የጋሼ ሽበሺስ ዓይን? ላሟ ወለደች ወይስ እንደ ዓምናው አታለለቻችሁ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትሽና ከሚስቴ ከይታይሽ ወገብ በቀር የሚያመን የለም።

ይሁዳ ሲያነብልሽ ጽሕፈቱን እንዲያሳይሽ እዘዢው። ጸሐፊ የቀጠርኩ እንዳይመስልሽ፤ የማታ ትምህርት ገብቼ በገዛ እጄ የጻፍኩት ነው። መምህሩ «ሀ»ን ሲያሳየን እኔ «ፐ» ላይ ደርሼ እጠብቀው ነበር። የዕብራይስጡንም ይዤዋለሁ። በሰፈራችን በግቫት ጺዮን እኔ ሳላየው የሚከፈት የመንግሥት ደብዳቤ የለም። ይታይሽ «የሰው ደብዳቤ ሲያነብ የራሱን መብራት አስቆረጠ» እያለች ታወራለች፤ ቅናት ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በሱዳን መንገድ እጄን ይዛ የሄደችው ልጄ ኤስቴር ዛሬ ወታደርነቷን ጨርሳ ሆስፒታል ትሠራለች። እዚያ የተዋወቀችው አለነ የሚባል፣ ባርኔአ የተባለው ሰፈር ልጅ አሮጌ መኪና ገዛና፣ ፋብሪካችን በተዘጋበት ሰኞ ኪኔሬትን፣ የገሊላን ሐይቅ ማለቴ ነው፣ ላዙራችሁ አለን። ያሳደጉትን አያቱን እማማ አስናቀችንም ከፊት አስቀምጦ መጣ። አሮጊቷ አየር ይቀበሉ ብሎ ነው አልኩ፤ ሞኙ እኔ።

መንገዱን ሁሉ ሰሌዳ እያነበብኩ መራኋቸው። ኤስቴር «አባ፣ ዳይ» ትለኛለች፤ በቃህ ማለቷ ነው። አለነ ግን መንገዱን እያወቀው አንዴም ዝም በል አላለኝም። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፤ እኔን ያን ያህል ታግሦ የሰማ ሰው አንድ ነገር ይፈልጋል።

ሐይቁ ያምራል። ሙዙ፣ ዘንባባው፣ ወበቁ፣ ልክ እንደ ቆላ ነው። በጣናችን ፊት ግን የእንስራ ውሃ ነው ብያቸዋለሁ። በአንድ ሰዓት በመኪና የሚዞር ሐይቅ ምኑ ሐይቅ ነው?

ምሳ በልተን መዞር እንደጀመርን እማማ አስናቀች አንገታቸውን ሳይመልሱ፣ «ይፍሩ፣ የአባትህ አባት ማን ይባላል?» አሉኝ። እትዬ፣ ያን ጊዜ ገባኝ። ሽርሽር መስሎኝ የወጣሁት ለካ ሽምግልና ኖሯል። የአለነን ጆሮ ከኋላ አየሁት፤ በርበሬ መስሏል። ይታይሽም ቀድማ ታውቅ ነበር፤ ወገቧን ረስታ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

እዚህ አገር የአጎት ልጅ ከአጎት ልጅ ይጋባል። እኛ ግን ሰባት ቤት ካልራቀ ሥጋ ነውና መቁጠር ጀመርን። በይታይሽ ወገን ምንም አልተገኘም። በእኔ ወገን እኔ አንድ ስም ስጠራ እሳቸው አንድ ይጠራሉ። ስድስተኛው ላይ እኔ «ማሩ» ስል እሳቸውም «ማሩ» አሉ። አለነ መኪናዋን ዳር አስይዞ አቆመ።

የእነሱ ማሩ የጯሂቱ አንጥረኛ ነው። አባታችን ደግሞ ስለ ሁለት ማሩ ያወራ ነበር፤ አንዱ ያ አንጥረኛ፣ ሌላው የሰቀልቱ ሸማኔ። አንደኛው የዘራችን አባት ነው፣ ሌላው ስሙ ብቻ የገጠመ ጎረቤት። እማማ አስናቀች «የእናንተስ የትኛው ነው?» ሲሉኝ ኤስቴር ዞራ አየችኝና «አባ» አለች።

«ሸማኔው» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አንዲት ቃል ናት፤ የማላውቀውን ሳወራ መኖሬን ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ። ግን የሥጋ ነገር ነው፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ። «አላውቅም» አልኩ። እማማ አስናቀች ዞረው፣ «ይችን ቃል ደግሞ የት ተማርካት?» አሉኝ። ማንም አልሳቀም።

አለነ ሞተሩን አስነሣ። ወደ አሽቀሎን የሚወስደው መገንጠያ ጋ ሲደርስ ግን አልታጠፈም፤ ሐይቁን እንደገና ይዞር ጀመር። እኔም ሰሌዳውን አይቼዋለሁ፤ አላነበብኩትም።

እንግዲህ እትዬ፣ አባታችን ዘሩን ቆጥሮ ያስረከበው ላንቺ ነው። የኛ ማሩ የትኛው ነው? እኔን ደስ ይበለው ብለሽ ሸማኔ አታድርጊው፤ ለጥንቃቄ ብለሽም አንጥረኛ አታድርጊው። እውነቱን አስጽፊልኝ። ድሮ ደብዳቤሽ ሲመጣ አንባቢ ተለምኖ፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ነበር የምሰማው። ይህን ግን በር ዘግቼ ብቻዬን አነበዋለሁ። ክፉም ቢሆን ልጄ ከእኔ አፍ ትስማው። በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ያስቆጠረኝ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ለጋሼ ሽበሺ ዓይኑን ይማርልኝ በይልኝ፤ ይቺን ጽሕፈት ሳያያት እንዳያረጅ። ለይሁዳ፣ አጎትህ በጽሕፈት እየደረሰብህ ነው በይልኝ። ላሟንም እሰሪያት። ይታይሽ አንገትሽን አቅፋ፣ ኤስቴር ጉልበትሽን ስማ ሰላም ብለውሻል። አለነም ሰላም ብሎሻል፤ ዘመድ ይሁን ባዳ ገና ስላልለየለት አክስቴም እትዬም ማለት ፈርቶ «ሰላም በሉልኝ» ብቻ ነው ያለው። ስንቱን ባዳ ዘመዴ ነው ስል የኖርኩ ሰው፣ ዛሬ ይህን ልጅ ባዳዬ አድርግልኝ እያልኩ እጸልያለሁ፤ ዘመዴ እንዲሆን።

ወንድምሽ ይፍሩ ደርሶ
አሽቀሎን፣ ግቫት ጺዮን
ሰኔ ፰ ቀን ፲፱፻፹፭ ዓ.ም.