ስባሪ ሲሊኮንና የኦቦ ቶሌራ ጉርሻ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4፣ አመሻሽ

ዛሬም አውራ ጣቴ ውስጥ ስባሪ ገባ። በመርፌ አወጣሁት፤ ግማሹን መሰለኝ። ዋፈር ሲሰበር እንዲህ ነው፤ ከጥፍር የሳሳ የሲሊኮን ሰሌዳ፣ ጫፉ እንደ መስታወት የሚቆርጥ። ጓንት ባደርግ ስንጥቁ አይታወቀኝም። ስለዚህ ባዶ እጅ። ቀኑን ሙሉ መቁረጥ፣ በጋለ ካውያ ሊድ እያቀለጡ ማያያዝ፣ ለሸነንና ለባኮ ገበሬ የሚሸጥ ትንሽ ሶላር መሥራት። መስኮቱ ዝግ። ነፋስ ከገባ ዋፈሩን አንስቶ ይጥለዋላ። የሊዱን ጭስ እኛ እንጠጣዋለን።

ደክሞኛል፣ ማስታወሻዬ። ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ከባሌ ከገመቹ በቀር የሚያውቅ የለም። ዓምና ካስወረደኝ ወዲህ አፌን ለመክፈት እፈራለሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ጤ/ጣቢያ። ወረፋ። ነርሷ ሥራሽ ምንድን ነው አለች፤ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሊዱ ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት አለ፣ በጭሱም በእጅም ይገባል፣ ከእናት ደም ወደ ጽንስ ያልፋል አለች። በሳሙና ሳትታጠቢ እንዳትበዪ፣ ከቻልሽ ካውያውን ተዪው። የዓምናውም በዚሁ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አይታወቅም አለች። አይታወቅም! ይህችን ቃል ተሸክሜ በእግሬ ተመለስኩ። ለገመቹ ነገርኩት፤ ራት ሳይበላ ተኛ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ምሳ ላይ ጉድ ሠራሁ። ኦቦ ቶሌራ የወርክሾፑ ባለቤት ነው፤ ግን እንደ አባት ነው፣ እሱም ከእኛው ጋር ካውያ ይዞ ይውላል። እጁን በጋዋኑ ጠራርጎ፣ ጠቅልሎ ሊያጎርሰኝ ሲል ፊቴን አዞርኩ። እጁ አየር ላይ ቀረ። «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ምን በደልኩሽ?» አለኝ። ጠግቤ ነው አልኩ፤ ገና አንዴ እንኳ ሳልጎርስ። አብራኝ የምትሠራው ጫልቱ፣ «ኩራት ነው ኦቦ፣ ይለፏት» ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ጉርሻውን ራሱም አልበላው፤ ከሳህኑ ዳር አኖረው።

ከሰዓት በኋላ በንዴት መስኮቱን ከፈትኩ። ነፋሱ ዋፈሮቹን ጠራርጎ መሬት ላይ። ኦቦ መጥቶ ዘጋውና ስባሪውን ይለቅም ጀመር። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ለጫልቱ እውነቱን ነገርኳት። አቀፈችኝ። ወዲያው ደግሞ አኮረፈች። ለኦቦ ከነገርሽው ይህ ሥራ ለሴት አይሆንም ብሎ ወንዶች ይቀጥራል፤ አንቺ ባል አለሽ፣ የእናቴን መድኃኒት ማን ይገዛልኛል አለች። እውነቷን ነው። እሷም ትስላለች፤ ሳሏ ከክረምት ወዲህ አላቆመም። አቧራ ነው ትላለች። የምን አቧራ? የሁለታችንም እንጀራ በአፌ ላይ ተንጠልጥሏል። ዝም ልል ወሰንኩ። ሆዴን ስነካው ደግሞ ውሳኔው ይጠፋብኛል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ምሳ ሳይቀርብ ማስታጠቢያና ሳሙና ይዤ ቆምኩ። ኦቦ እጁን ዘረጋ፤ አፈሰስኩለት። ውኃው አመድ መስሎ ወረደ። ደግሜ አፈሰስኩ፤ አሁንም። ያኔ ሁሉንም ነገርኩት፤ እርግዝናውን፣ ነርሷ ያለችኝን፣ ቅዳሜ ለምን ፊቴን እንዳዞርኩ። የተጠራቀመውን ውኃ እያየ ነው። «የልጄን ልጅ ማታ ማታ የማጎርሳት በዚህ እጅ ነው» አለ። ምግቡን ሳይነካ ወጣ። እንዴት እንዳሳዘነኝ።

ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ከነገ ጀምሮ ካውያ እንዳትነኪ፣ ሽያጩ ጋ ተቀመጪ አለኝ። ጭሱን የሚያወጣ ማራገቢያ ከአዲስ አበባ ያስመጣል፤ መቼ እንደሚደርስ አያውቅም። እስከዚያ ትእዛዝ አለበት፣ ሥራው አይቆምም። ሽያጩ ጋ ያለው ቦታ ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

እሺ አልኩ። ቶሎ ነው ያልኩት፤ አፌ ቀደመኝ። ለልጄ ነው፣ አልጸጸትም፣ ነገም እዚያው እቀመጣለሁ። ጫልቱ ቀና ብላ አላየችኝም። የእኔን ካውያ አንስታ ከራሷ አጠገብ አኖረችው። አንድ ነገር ልላት ብዬ እስከ ጠረጴዛዋ ድረስ ሄጄ፣ ስትስል ሰማሁና ሳሙናውን አጠገቧ አስቀምጬ ተመለስኩ።