ሸክላውን የሠራሁት እኔ ነኝ

ዓፊፋ፣

የቧንቧ ሠራተኛው ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ሲደውል ስልኩን አንሺለት። ፍሪጅ ውስጥ ሩዝ አለ፣ ጨርሺው።

ትናንት አክስቴ ከካምቤል ሲመጡ መስኮቱ ላይ ያለውን የሸክላ ጭንቅላት አይተው፣ «ይሄ ጣዖት የማን ነው?» አሉኝ።

«የዓፊፋ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ትወዳለች፤ እኔ እንኳን አልነካውም» አልኳቸው።

ኪችን ውስጥ ሆነሽ ሰምተሻል።

በገዛ እጄ ሠርቼ ልብወለድሽን ስትጨርሺ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። ተርሚነስ፣ ያ የሮማውያን ትንሽ የድንበር አምላክ፤ አንቺ በልብወለድሽ ውስጥ ኦክላንድ ድረስ አምጥተሽ ከቤቱ በሚባረር ተከራይ ደጃፍ ላይ ያቆምሽው። በጥንቱ ተረት ለትልቁ አምላክ ቤተ መቅደስ ሲሠራ፣ ሌሎቹ አማልክት ቦታቸውን ሲለቁ እሱ «አልነሣም» ማለቱን ስታነቢልኝ አጨብጭቤ ነበር።

እኔ በአንድ ጥያቄ ሸሸሁ።

አንቺ ግን ሻይ ቀዳሽላቸው፣ ሲወጡ ጫማቸውን አቀረብሽላቸው። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ኮል አድርጌላቸው እውነቱን ነገርኳቸው። ስለ ጣዖቱ ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን፣ «ሸክላውስ ሸክላ ነው። የሰው ልጅ ለምን ታሳጫለሽ?» አሉኝ።

ጥያቄያቸውን እንዳለ ጻፍኩልሽ።

ኤመሪቪል የሥራ ሺፍት አለኝ፤ ማታ እመጣለሁ። ልታናግሪኝ ካልፈለግሽ ክፍልሽን ዝጊው፣ አላንኳኳም።

ሒክማ