የእማዬ «ተመስገን» እና የካውንቲው ሰዓት

ማክሰኞ፣ ፌብ. 24። ጠዋት

እማዬ ታጥባ፣ ለብሳ፣ ሶፋዋ ላይ ናት። አጥሚቱን እምቢ ብላለች። ጾም ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም ባይ ናት። ለበሽተኛ ጾም የለም ብለው የንስሐ አባቷ ራሳቸው ነግረዋታል። እሳቸው ደግ ስለሆኑ ነው አለችና ከንፈሯን ዘጋች። ተውኳት።

አንተ ደብተር፣ ጥዬህ ከረምኩ። ዛሬ የምነግርህ ስላለኝ መጣሁብህ። ትናንት ከካውንቲው ደብዳቤ መጣ። የእማዬን ሰዓት ከግማሽ በላይ ቆርጠውታል።

አንተ ታውቀዋለህ፣ ግን ጽፌው ልየው። እማዬን የማስታምመው እኔ ነኝ፣ ደሞዜን የሚከፍለኝ መንግሥት ነው። በሳምንት ስንት ሰዓት እርዳታ እንደሚያስፈልጋት የሚወስነው ካውንቲው፣ የአካባቢያችን መስተዳድር ነው። በየዓመቱ ሶሻል ወርከር ትመጣለች፣ ትጠይቃለች፣ ትሄዳለች። ይሄ ቅነሳ ከጸና በቀረው ሰዓት የኦክላንድን የቤት ኪራይ አልችለውም። ወደ ሆቴል ጽዳቱ እመለሳለሁ፣ እማዬ ነርሲንግ ሆም ትገባለች። ሌላ መንገድ አልታየኝም።

ደግሞ ያስቆረጠችው ማን ሆነችና። ራሷ እማዬ ናት። ሶሻል ወርከሯ ከእሷ አፍ መስማት እፈልጋለሁ አለች። አስተርጓሚዋ በስልክ፣ ድምጿ የልጅ። ራስዎን ይታጠባሉ? ተመስገን። ምግብስ ይሠራሉ? ምን ጎሎብኝ፣ እግዜር አያሳጣኝ። ከአልጋስ እንዴት ይነሳሉ? ይኸው በሰላም አነሳኝ። አነሳኝ ያለችው እግዜርን ነው። በእንግሊዝኛ ሲሄድ ግን ራሴ እነሳለሁ ሆነ። ልናገር ስል ሶሻል ወርከሯ በትህትና እጇን ዘረጋችብኝ፣ እሳቸው ይመልሱ ብላ።

ማታ እማዬን ጠየቅኳት፣ ለምን? ለማላውቃት ሴት በጌታዬ ላይ ልማረር? አለች። ዝም አይነቅዝም ብላ ደመደመችው።

ረቡዕ፣ ፌብ. 25

አፒል አድርጌያለሁ፣ ይግባኝ ብዬ። ዳኛ ፊት እስከምንቀርብበት ሂሪንግ ድረስ ሰዓቱ ሳይቀነስ እንደነበረው ይቆያል ተባለ። ትንሽ ተነፈስኩ።

መስፍንን ኮል አደረግኩት። ታናሼ ነው፣ ሳን ሆዜ ብቻውን ይኖራል፣ ከቤቱ ሆኖ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ሁለት ነገር ይወዳል፣ ስቶክ ማርኬትና ክርክር። እኔ እንባዬ መጥቶ እያወራሁት እሱ ስለ በጀት ጉድለት ጀመረ። መንግሥት ከሚያስገባው በላይ እያወጣ እስከ መቼ? እናትን ማስታመም የቤተሰብ ሥራ ነው፣ ጥንት ማን ይከፍል ነበር? ከደሞዙ የሚቆርጡትን ታክስ ኢንዴክስ ፈንድ የሚለው የአክሲዮን ገበያ ውስጥ ቢያስገባው እማዬን ቤቷ ድረስ በነርስ ያስጠብቅ ነበር አለኝ።

ታዲያ ለምን አታስጠብቅም አልኩት።

ይልቅ ወደ እኔ ዞረ። ያጠራቀምኩትን ባንክ ቼኪንግ ውስጥ አስተኝቼ፣ እቁብ እየጣልኩ እንደማረጅ ነገረኝ። እቁብ አይወልድም ይላል። እኔም ገበያው በወረደ ቁጥር ደውለህ የምታለቅሰው ለኔ ነው አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ አባዬን ይመስላል፣ መናደዴን ያስረሳኛል።

አልረሳሁም ግን። የቤተሰብ ሥራ ከሆነ አንተም ቤተሰብ ነህ፣ አንድ ሳምንት ውሰዳት አልኩት። እሺ አለ። እንደዚያ ቶሎ እሺ ይላል ብዬ አልጠበቅኩም።

እሁድ፣ ማርች 1። ከሰዓት

ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ። ሲቲው፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ለአዛውንቶች ምሳ ማብያ ብር ልስጣችሁ ብሏል፣ በቤ/ክ አዳራሽ፣ ለሁሉም ሰው ክፍት ሆኖ። አንድ ነገር ብቻ፣ ማንንም ጸልይ ብላችሁ እንዳታስገድዱ። ተጯጯሁ። እማዬን ሊወስድ የመጣው መስፍን ተነስቶ ተናገረ። አሜሪካ ራሷ ብሯ ላይ እግዜርን ጽፋ የለ? ዛሬ አታስገድዱ ያለ ነገ አትጸልዩ ይላል፣ የመንግሥት ብር ገመድ አለው። ብዙ ሰው አጨበጨበለት። እኔ አላጨበጨብኩም። ቤተ ክርስቲያን የቤተ ክርስቲያኗን፣ መንግሥት የመንግሥቱን ቢሠራ ምን አለበት? ጎረቤቴ የመናዊት ናት፣ ምሳ ለመብላት በስመ አብ ትበል?

መኪና ውስጥ ቀጠልን። መስፍን፣ መንግሥት የእግዜርን ቦታ ወሰደ ይላል። እኔ፣ እግዜር ምሳውን በሲቲው በኩል ቢልከውስ፣ መልእክተኛውን አንተ ነህ የምትመርጥለት? አልኩት። እማዬ ከኋላ ወንበር፣ ብሉ በሏቸው፣ የበላ ራሱ ይጸልያል አለች። 

እኔን ቤት አድርሶ ወደ ሳን ሆዜ ይዟት ሄደ። ሻንጣዋ፣ ምርኩዟ፣ ዳዊቷ። እንዴት እንደምትታጠብ ላስረዳው ስል በአይኗ ገሰጸችኝ። ቤቱ ጭር አለብኝ። ሶፋውን ሁለቴ አየሁት።

ማክሰኞ፣ ማርች 3

የድሮ አለቃዬን ሆቴል ሄጄ አገኘኋት። ቦታ አለ፣ የሌሊት ሺፍት። የሚያመኝን ጉልበቴን አየችውና ትችያለሽ ወይ አለችኝ። እችላለሁ አልኩ። ስመለስ የፍሩትቬልን የባርት ባቡር ጣቢያ ደረጃ ሁለቴ አርፌ ወጣሁት።

ለእማዬ ደወልኩ። ምንም አልል፣ መስፍኔ እንደ ንግሥት ነው የያዘኝ አለች። እሱም ስልኩን ተቀብሎ፣ አየሽ፣ ቀላል ነው አለኝ። ቀናሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ በጣም ቀናሁ።

ሐሙስ፣ ማርች 5። ጠዋት

መስፍን እማዬን መልሶ አመጣት። ሳምንቱ አልሞላም። እሷን አስገብቶ እሱ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ። ሄጄ ጎኑ ገባሁ። አያየኝም፣ መሪውን ይዟል።

ቀስ እያለ ነገረኝ። ከመጣች ጀምሮ አልታጠበችም። ላግዝሽ ሲላት፣ አንተ ልጄ ወንድ ነህ፣ ነውር ነው፣ ደህና ነኝ ትለዋለች። አልጋው ከፍ ብሎባት ስትተኛ የከረመችው ወንበር ላይ ነው፣ ጠዋት አልጋውን አንጥፋ ትጠብቀዋለች፣ የተኛችበት እንዲመስለው። ትናንት ሽንት ቤት ገባች። እሱ ሚቲንግ ላይ ነበር። ከውስጥ መዝሙር ትዘምራለች። ደስ አለው፣ ቤቱን ለመደችው ብሎ፣ እንዳይረብሻት የሚሠራበትን ክፍል በር ዘጋው። ሚቲንጉ አልቆ መዝሙሩ አላለቀም። ለካ መነሳት አቅቷት ኖሯል። መጥራት አፍራ፣ እንዳይጠረጥር ትዘምራለች። ድምጿ ሰልሏል። ከውስጥ የተቆለፈውን በር ፈቶ ነው ያወጣት።

አለቀሰ። አርባ ዓመት የሞላው ሰው፣ መኪና ውስጥ። እኔም ተው አላልኩትም። ነግሬህ አልነበር ማለት አማረኝ፣ ግን አፌ አልታዘዘልኝም። ሂሪንጉ ላይ እመሰክራለሁ አለ።

እማዬን አጠብኳት። ሙቅ ውሃው ጀርባዋ ላይ ሲወርድ እፎይ አለች። 

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 1

ነገ ሂሪንግ። እማዬን ላለማምዳት ሞከርኩ። እናቴ፣ ዳኛው ሲጠይቅሽ እውነቱን ተናገሪ። መቼ ዋሸሁ? አለች። ተመስገን አትበይ ስላት ደነገጠች፣ ክርስትናሽን ካጂ ያልኳት ያህል። መስፍን በስልክ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም አላት። መድኃኒቱን ማን ጠየቀህ አለችው። ተስፋ ቆረጥኩ። የሆቴሉን ዩኒፎርም ከሳጥን አወጣሁት፣ መልሼ አስገባሁት።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 2። ከሰዓት

አለፈ። 

ክፍሏ ትንሽ ናት፣ ቢሮ እንጂ ፍርድ ቤት አትመስልም። ዳኛዋ ሴት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል። አስተርጓሚው በአካል የመጡ ኤርትራዊ ሽማግሌ፣ አማርኛቸው የድሮ አዲስ አበባ። እማዬን እናቴ እያሉ ነው የሚያናግሯት፣ በዕድሜ እኩያዋ ቢሆኑም።

መጀመሪያ መሐላ። ቀኝ እጅ ይነሳ ተባለ። እማዬ ማንሳት ጀምራ መልሳ አወረደችው። አልምልም አለች፣ በሰማይም በምድርም አትማሉ ነው የተባለው። አለቀ አልኩ በልቤ። መስፍን፣ ያ መንግሥት የእግዜርን ቦታ ወሰደ ሲል የነበረው፣ እማዬ በናትሽ ማይ ብሎ በሹክሹክታ ይለምናታል። ሳቄ መጥቶ ዋጥኩት።

ዳኛዋ ግን አልተቆጣችም። መማል ግዴታ አይደለም፣ እውነት እናገራለሁ ብለው ቃል ይስጡ አለች። አስተርጓሚው ጎንበስ ብለው፣ እናቴ፣ እንግዲያው ሐሰት አልናገርም ይበሉ አሏት። እማዬ እንደ ቀላል ነገር አላየችውም። ሐሰት አልናገርም አለች፣ ጥርት አድርጋ።

ዳኛዋ እንደ ወግ፣ ዛሬ እንዴት ነዎት? ብላ ጠየቀች።

እማዬ አፏን ከፍታ ዘጋችው። ወደ አስተርጓሚው ዞራ፣ «አሁን ነው ወይ የሚቆጠረው?» አለች።

ሽማግሌው ቃል በቃል ተረጎሙት። ዳኛዋ መነጽሯን አወረደች። አዎ፣ አሁን ይቆጠራል አለች።

«እንግዲያው ደህና አይደለሁም» አለች እማዬ።

ከዚያማ ማን ያስቁማት። ተመስገን የምለው ለእሱ ነው፣ የእሱን ለእሱ ብያለሁ፤ የእርስዎን ደግሞ ልንገርዎት ብላ ጀመረች። ወገቧን፣ መታጠቢያውን፣ እጇ ማንኪያ ሲይዝ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ጫማ ማድረግ እንደማትችል። እኔ የማላውቀውንም ጨምራ። ደረጃ ላይ ራሷ እንደሚዞር አንድ ቀን ነግራኝ አታውቅም። የሳን ሆዜው ሽንት ቤት ጋ ስትደርስ መስፍን አንገቱን ደፋ። ልጄን ላለማሳፈር ዘመርኩ አለች። 

መስፍን ተራው ሲደርስ አጭር ነበር። በዓመት ሁለቴ አበባ ይዤ የምመጣ ልጅ ነኝ፣ ቀላል መስሎኝ ነበር፣ አልቻልኩም፣ እህቴ ናት የምትችለው አለ። እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ውሳኔው በፖስታ ይመጣል ተባልን። ስንወጣ እማዬ ለአስተርጓሚው፣ ቃሌን አጓደልኩ ይሆን? አለቻቸው። ኧረ እናቴ፣ ሞልተው አፈሰሱት አሏት።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 23

መጣ። ቆሜ ነው ያነበብኩት። የተቆረጠው በሙሉ ተመልሷል፣ ሌላም ጨምረዋል፣ ለደረጃውና ለማንኪያው። ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለት ወር ሙሉ ትከሻዬ ላይ የነበረው ነገር ሲወርድ ታወቀኝ፣ እንደ ልጅ እንቅልፌ መጣ። በቀን ሶፋ ላይ ተኛሁ። እማዬ ነጠላዋን ጣል አድርጋብኝ ነው የነቃሁት።

ፋሲካ ካለፈ ወዲህ በደንብ ትበላለች። ማንኪያውን እኔ ስይዝላት አትከለክለኝም።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 25። ጠዋት

መስፍን መጥቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሊመጣ ነው፣ ምግብ ሊያበስል፣ መድኃኒት ሊያመላልስ። መታጠቡ የኔ ነው፣ እዚያ ላይ ማንም አይከራከርም። መንግሥት ገንዘብ ያባክናል ማለቱን አልተወም፣ የእማዬን ብቻ ከዚያ አውጥቶታል። እንግዲያው ሁሉም የራሱን እናት ካወጣ ምን ቀረ አልኩት። ሊመልስ ሲል ሽንኩርቱ አረረበት።

ስለ ሲቲው ምሳ የሚወስነው የቤ/ክ ስብሰባም ለነገ ተቀጥሯል። ምሳው ይግባ ብዬ እጄን አነሳለሁ። እሱ አያነሳም። አብረን እንሄዳለን።

ደግሞ ወስኛለሁ። የጡረታ አካውንት እከፍታለሁ፣ ኢንዴክስ ፈንዱን፣ መስፍን ራሱ ስልኬ ላይ ይጭንልኛል። ከየደሞዜ ጥቂት ጥቂት። እማዬን ሳያት ትዝ የሚለኝ የራሴ እርጅና ነው፣ ነገ ማን ያጥበኛል? እቁቤን ግን አልተውም ብዬዋለሁ፣ ገበያው ሲወርድ እንዳትደውይልኝ አለኝ። አንድ ስጋት አለኝ፣ ያው ፎርሙ ላይ በስንት ዓመትሽ ሥራ ታቆሚያለሽ ይላል፣ እኔ ደግሞ...

እማዬ ከመታጠቢያ ቤት እየጠራችኝ ነው። በስሜ፣ ጮክ ብላ፣ ሶስና ነይ አንሺኝ እያለች። በዚህ ሁሉ ዓመት ጠርታኝ አታውቅም፣ ስትታገል ነበር የምደርስባት። ሄድኩ።