እየፈሩ ዋስ የሆኑት የወይዘሮ ደጊቱ ደባሽ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ደጊቱ ደባሽ ከአባታቸው ከአቶ ደባሽ ተገኘና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰፋች አድማሱ በጎንደር ክፍለ ሀገር በወገራ አውራጃ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ተወለዱ። አባታቸው ብረት ቀጥቃጭ፣ እናታቸው ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ገበያ ሲወጡ አባታቸው “የሰው ሕፃን ዓይን አትዩ። ሕፃኑ ነገ ቢታመም ቡዳ በላው ይሉናል” እያሉ ያስጠነቅቋቸው ነበር። ከዚያ የተነሣ ወይዘሮ ደጊቱ ዕድሜ ልካቸውን ዓይናቸውን ሰብረው የሚሄዱ፣ በር ሲንኳኳ የሚደነግጡ ሰው ሆኑ። ይህ የተጻፈው እሳቸውን ለማሳነስ አይደለም። “ፈሪ ነበረች ብላችሁ ጻፉ። ደፋር ካላችሁኝ የሚያውቀኝ ሁሉ ይስቃል” ብለው ራሳቸው ስላዘዙ ነው።

ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል አላገኙም። በ1960 በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ከአቶ ፈረደ ታከለ ጋር በወግ ተጋቡ። ልጅ አልወለዱም። የታናሽ እኅታቸው የእታፈራሁ ልጅ ኮከብ ግን ጡት ከተወች ጀምሮ ከጀርባቸው አልወረደችም።

በ1984 ወገን በሱዳን በኩል በእግሩ ወደ ኢየሩሳሌም ሲነሣ እታፈራሁ ዓይነ ስውር አባቷን ጥላ መሄድ ስላልቻለች የአሥራ ሦስት ዓመቷን ኮከብን በእኅቷ እጅ ሰጠች። አብራቸው አለምነሽ የምትባል የጎረቤት ልጅ ነበረች። በአምስተኛው ቀን አለምነሽን ትኩሳት ጣላት፤ መራመድ አቃታት። አቶ ፈረደ ከፊት ሽማግሌ ተሸክመው ነበር። መንገድ መሪው “ሽፍታ ተከትሎናል፣ የሚቀር ይቅር” አለ። ወይዘሮ ደጊቱ ልጅቱን ከዛፍ ጥላ አስቀመጧት፤ ውኃውን ከነቅሉ አጠገቧ ትተው የኮከብን እጅ ይዘው ሄዱ። አቶ ፈረደ በሱዳን መጠለያ በበሽታ አረፉ።

በጃንዋሪ 1985 እስራኤል ገቡ። በ1987 ፔታ ቲክቫ መኖር ጀመሩ። ኮከብ አዳሪ ትምህርት ቤት ስትገባ እሳቸው መጀመሪያ በኪርያት አርዬ በብስኩት ፋብሪካ ብስኩት አሸጉ፤ ከ1989 ጀምሮ ደግሞ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የመምህራንን ክፍሎች አጸዱ። በየበሩ ላይ የተጻፈውን ስም ማንበብ ባይችሉም፣ እያንዳንዱን መምህር በቆሻሻ ቅርጫቱ ያውቁት ነበር።

በ1991 እታፈራሁ መጣች። የአለምነሽ ወንድም አቶ ቢራራም በዚያው ዓመት መጡ፤ ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡም ስለ እኅታቸው ጠየቁ። ወይዘሮ ደጊቱ “ታማ ሞተችብን፣ ቀበርናት” አሏቸው። አቶ ቢራራ ተዝካሯን አወጡ። ወይዘሮ ደጊቱም በተዝካሩ ላይ ከሴቶቹ ጋር ወጥ ሠሩ። ከዚያ ቀን በኋላ በራቸው ላይ ሁለተኛ ቁልፍ አስገጠሙ።

በ1996 ኮከብ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህርት ሆነች። ወይዘሮ ደጊቱ አለቃቸውን ለምነው ወደ እሷ ፎቅ ተዛወሩ፤ የበሯን ስም በየቀኑ ሁለቴ ይወለውሉ ነበር። ደስታቸው ግን ሥጋት ነበረበት። “ከፍ ያለ ሰው ይታያል፤ የታየ ይመታል” ይሉ ነበር።

የፈሩት በ1997 ደረሰ። ኮከብ ስለ ሱዳን መንገድ ስታስተምር፣ አንዲት ሴት የታመመች የመንገድ ጓደኛዋን ትታ ለመሄድ እንደተገደደች ተናገረች። የሴቲቱን ስም አልጠራችም። አንድ የዕብራይስጥ ጋዜጣ ግን ነገሩን ቆርጦ፣ ኢትዮጵያውያን ሕመምተኞቻቸውን እየጣሉ መጡ ብሎ አወጣው። ልጆች ለወላጆቻቸው አነበቡት፤ ሰፈሩ በቁጣ ተቃጠለ። የእኛ ተማሪዎች ከክፍሏ ወጡ። በቤቷ ስልክ ይደወላል፣ ሲነሣ ድምፅ የለም። አቶ ቢራራ ውሏ በሴፕቴምበር እንዳይታደስ የሚጠይቅ ደብዳቤ አጻፉ። ክፋት አልነበረባቸውም። “እኛን ለመናቅ ሰበብ በሚፈለግበት አገር ገመናችንን አደባባይ አወጣች” ነበር የሚሉት።

ደብዳቤው በአንድ ለቅሶ ቤት ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እታፈራሁ የለቀስተኞች ስም ዝርዝር መስሏት እንደ ሌሎቹ ሴቶች አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። በማግስቱ ሰፈሩ “እናትየዋ እንኳ ፈርማባታለች” አለ። ያን ጊዜ ነው በልጇ ላይ ማተሟን ያወቀችው። ለኮከብ ልትነግራት ፈራች። ጣቴን አንሡልኝ ብላ ሽማግሌ ፊት ልትቆምም ፈራች።

አባ ጎበዜ የተባሉት ሽማግሌ ግን ደብዳቤው ሳይላክ ሁሉንም ከመኖሪያ ሕንፃው ሥር ባለው ሚክላት፣ በጦርነት ጊዜ ሰው በሚጠለልበት ክፍል፣ እሑድ ማታ ሰበሰቡ። እንደ አገራችን ሥርዓት፣ ዋስ ያልጠራ አይናገርም አሉ። ዋሱ ተናጋሪው እንዳይዋሽ፣ እንዳይሳደብ፣ ወጥቶም ቂም እንዳይወጣ ይጠየቃል፤ በተናጋሪው ላይ ለሚደርሰውም ጋሻ ነው። አቶ ቢራራ ሲጠሩ ሦስት ሰው ተነሣላቸው። ኮከብ አዳሪ ትምህርት ቤት ስላደገች ሥርዓቱን አታውቅም ነበር፤ ሲነግሯት “እናቴን እጠራለሁ” አለች።

እታፈራሁ አልተነሣችም። ጣቷን በነጠላዋ ሸፍና መሬት መሬት አየች።

ወይዘሮ ደጊቱ ግድግዳ ተደግፈው ተነሡ። ከኋላ አንዱ “ማን? ድመት ስታስነጥስ የምትበረግገዋ ደጊቱ?” አለ፤ ሰዉ ሳቀ። ሌላው “ደግሞስ ሴት ዋስ ትሆናለች?” አለ። አባ ጎበዜ “የተነሣ ወንድ አለ?” ብለው ዙሪያቸውን አዩ። ማንም አልነበረም።

“አዎ፣ እሷው ነኝ” አሉ ወይዘሮ ደጊቱ። “የኮከብ ዋስ እኔ ነኝ። ስም ያልጠራችው እኔ ስለ ለመንኳት ነው። ትታ የሄደችው ሴት እኔ ነኝ። የተተወችው አለምነሽ ናት።” ከዚያ ወደ አቶ ቢራራ ዞረው፣ በሕይወታቸው ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰውን ዓይን ለዓይን አዩ። “ቢራራ ወንድሜ፣ አልቀበርኳትም። ዋሽቼሃለሁ።”

አቶ ቢራራ ደብዳቤውን ወንበር ላይ ትተው ወጡ። ማንም አልተከተላቸውም። ከዚያ በኋላ አንዲት አሮጊት ተነሥተው፣ ወንድ ልጃቸውን የት እንደተዉት ተናገሩ። ቀጥሎ ሌላ ሰው ተነሣ። በዚያ ማታ ጋዜጣውን ያስታወሰው የለም።

ሦስት ሳምንት ወይዘሮ ደጊቱ እንቅልፍ አላገኙም። ደረጃ ላይ ኮቴ በሰሙ ቁጥር “ቢራራ መጣ” ይሉ ነበር። በአራተኛው እሑድ አቶ ቢራራ ወደ ሚክላቱ ተመለሱ። ለመናገር ቆሙ፤ ዋስ ጥራ ሲባሉ “ደጊቱን እጠራለሁ” አሉ። ወይዘሮ ደጊቱም ተነሡ። አቶ ቢራራ ለኮከብ “ከእንግዲህ አንዲት ሴት አትበይ። አለምነሽ በይ። የአባቷንም ስም ጨምሪ” ብለው ተቀመጡ። ደብዳቤው አልተላከም። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ወዲህ የወይዘሮ ደጊቱን ደጃፍ አልረገጡም፤ እሳቸውም አልወቀሷቸውም።

ስብሰባው በየሁለት ሳምንቱ ቀጠለ። መምህራን ስለ እኛ በክፍል ሊያስተምሩ ያሰቡትን ቀድመው ለወገን ያሰማሉ፤ ወገንም ሳይሳደብ ይሞግታቸዋል። ዮታም የተባለ የኮከብ ባልደረባ በመጣ ጊዜ “ፈረንጁም ዋስ ይጥራ!” ተብሎ ተሳቀ። ወይዘሮ ደጊቱ “እኔ አለሁለት። ክፍሉን የማጸዳው እኔ ነኝ። ወረቀት መሬት ይጥላል እንጂ ሰው አይጥልም” ብለው ቆሙለት። በ1997 ሴፕቴምበር ሳይደርስ ወገን ስለ ኮከብ መልካም ደብዳቤ ለዩኒቨርሲቲው ጻፈ፤ ውሏም ለአንድ ዓመት ታደሰ፤ በ1998ም እንደገና። ወይዘሮ ደጊቱ ግን መፍራታቸውን አልተዉም። በየስብሰባው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው የሚገባው ሰው ምን እንደያዘ እጅ እጁን ያዩ ነበር።

በ1998 መጨረሻ ኩላሊታቸው ታመመ፤ በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸው በማሽን ይታጠብ ነበር። በአልጋ ላይ ሆነው የሚያሳስባቸው ሞት አልነበረም። “እኔ ስሄድ ልጅቷ ያለ ዋስ ትቀራለች” ይሉ ነበር። ማክሰኞ ሜይ 11 ቀን 1999፣ በተወለዱ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ኮከብና እታፈራሁ እጃቸውን ይዘው ሳሉ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። እኅታቸውን እታፈራሁንና ያሳደጓትን ልጃቸውን ኮከብን ትተው ሄደዋል።

በአገራችን ሥርዓት ዋስ ሲሞት ዋስትናው አብሮት አይቀበርም፤ ሌላ ይተካል። የኮከብ ውል በመጪው ሴፕቴምበር ዳግም ይታያል። ስልኩ አሁንም አንዳንድ ጊዜ ያለ ድምፅ ይደወላል። የሰባቱ ቀን ሐዘን ካለቀ በኋላ ባለው እሑድ ስብሰባ አለ፤ ኮከብ ትናገራለች፤ ዋስሽ ማነው ትባላለች።

እናቷ እታፈራሁ ያን ጊዜ አልተነሣችም። ዛሬም ትፈራለች፤ ይህ ሲነበብ እንኳ እየፈራች ነው የቆመችው። ነገር ግን በመትናሱ፣ በሰፈሩ የማኅበረሰብ ማዕከል፣ በጎልማሶች ክፍል ሁለት ዓመት ፊደል ስለ ቆጠረች፣ ምን ላይ እንደምትፈርም አሁን ታውቃለች። አባ ጎበዜ፣ አቶ ቢራራ፣ እዚህ የቆማችሁ ሁሉ ስሙ፤ ከዛሬ ጀምሮ የኮከብ ዋስ እናቷ ናት።

የእስራኤል አምላክ የወይዘሮ ደጊቱን ነፍስ በር በማይንኳኳበት፣ ቁልፍ በማያስፈልግበት ቦታ ያሳርፍልን። አለምነሽንም እዚያ ያገናኛቸው። አሜን።

በጣት ያልታተመ፣ በገዛ እጇ የጻፈችው፦
እታፈራሁ ደባሽ
ፔታ ቲክቫ