በጤዛ የተለቀመ ሱፍ

ለምወድሽ እናቴ፣

ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ ጉልበትሽ በርትቶ፣ እንቅልፍሽ ሞልቶ፣ ኩርፊያሽ ግን ትንሽ ደክሞ እንዲያገኝሽ እመኛለሁ። ለመሆኑ እንዴት ሰነበትሽ? ጠዋት ጠዋት ጀርባሽን የሚይዝሽ ነገር ተወሽ? አባዬስ ደረጃውን ሲወጣ አሁንም ያቃስታል? እህቴ ስምንተኛ ወሯን በሰላም ጀመረች? እግሯ ማበጡን ነግራኛለች፤ ከፍ አድርጋው ትተኛ። እኔ ደህና ነኝ። ጥፍሮቼ ቢጫ ከመሆናቸው በቀር ምንም አልሆንኩም።

ሦስት እሑድ ደወልኩ። ሦስቱንም ጊዜ እህቴ አነሳችና እማዬ ጎረቤት ሄዳለች አለችኝ። እኔ አላውቅሽም እንዴ፣ እማዬ? አንቺ እሑድ ከሰዓት ከቤት የማትወጪ ሰው ነሽ። ባለፈው ደግሞ ከኋላዋ ስታስይ ሰምቼሻለሁ። ስለዚህ በስልክ ያበላሸሁትን በወረቀት ላቃና ብዬ ተቀመጥኩ፤ ወረቀት ቢያንስ አይጮህም።

ጥፋቱ የጀመረው ከኔው ደብዳቤ ነው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ ምርምር ጣቢያው የሚያጠናው ያንኑ በጓሯችን የሚበቅለውን እሾሃም ሱፍ መሆኑን ሳይ ደስታው ራሴን አዞረኝ። ከፍሬው ዘይት ይጨመቃል፤ ዘይቱ ለምግብም ለግድግዳ ቀለም መሥሪያም ይሆናል፣ የተረፈው ፋጉሎ ለከብት ይሰጣል። ሥሩ ወደ ታች ርቆ ስለሚሄድ ዝናብ ባጠረበት መሬት ላይ ይቆማል። ከአበባው ልብስ የሚነከርበት ቢጫና ቀይ ይወጣል፤ ለደም ዝውውር ይጠቅም እንደሆነም ይመረመራል። እኔ ግን “እንደሆነ” የምትለዋን ዘልዬ፣ ሱፍ የማያድነው በሽታ የለም ብዬ ጻፍኩልሽ። አንቺም ደብዳቤውን ለልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን አነበብሽላት፣ እሷ ደግሞ ለደንበኞቿ አወራች።

አለቃዬን “ሚዛን” ነው የምንለው። አበባውን ብቻ ሳይሆን ቃሉንም መዝኖ ነው የሚያወጣው፤ እንደምን አደርክ ሲሉት እንኳ መጀመሪያ ትንሽ ያስባል። እሱ አንድ ቀን ስለ አበባው ሲያስረዳን፣ ማህፀን ሊያኮማትር ይችላል ተብሎ ስለሚፈራ ነፍሰ ጡር እንዳትጠጣው፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድም ሰው እንዲርቀው አለን። የዚያኑ ቀን ከሥራ ወጥቼ ስደውል እህቴ፣ እማዬ ጠዋት ጠዋት የሱፍ አበባ ታፈላለች ብላ እየሳቀች ነገረችኝ። ለሷ የምታፈይላት መሰለኝ። ስልኩን ስጫት አልኩና፣ ልጅሽን ልትገድዪያት ነው ወይ ብዬ ጮህኩብሽ። አንቺ አንድ ነገር ልትናገሪ ጀምረሽ ነበር። አላስጨረስኩሽም።

ያላስጨረስኩሽን ነገር ከሳምንት በኋላ ከእህቴ ሰማሁት። ለካ የምታፈይው ለልብስ ሰፊዋ ጉልበት ኖሯል። ለካ እህቴ ካረገዘች ጀምሮ የአበባውን ጠርሙስ ቁም ሳጥን ላይ ሰቅለሽ፣ በእጅሽም እንዳትነኪው ብለሻታል፤ እኔን ስታረግዢም እናትሽ እንደዚያው ከልክላሽ ነበር። ሚዛን ከስንት መጽሐፍ የለቀመውን አንቺ ከእናትሽ አፍ ይዘሽዋል፤ እኔ ተምሬ ያተረፍኩት መጮህ ነው። አፈርኩ፣ እማዬ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ በሱፍ ዘይትም እንደማይታሽ ይኸው እኔ አረጋገጥኩ።

አንድ የአባዬ ነገር ብቻ ቀርታለች። ልብስ ሰፊዋን ለማጫወት ብሎ ከዚያው ከፈላው አብሯት ፉት ይላል አሉ። የልቡ ኪኒን ደም የሚያቀጥን ነውና እህቴ እንድታስቆመው ነግሬያታለሁ። ቢነጫነጭም ይተው፣ ከዚህ በፊት መጠጣቱንም ለሐኪሙ ይንገረው።

አሁን ደግሞ ደስ የሚለውን ልንገርሽ። በዚህ ወር ለደም ዝውውሩ ምርመራ ሁለት ኪሎ የደረቀ አበባ ማድረስ ነበረብን፤ ካልደረሰ የዓመቱ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው፣ አበባው እንደሆነ ሰው አይጠብቅ። ለቃሚዎቹ ማሳው ውስጥ የሚገቡት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ጤዛው ደርቆ እሾሁ እንደ መርፌ ቆሞ ይቀበላቸዋል። ጓንት ያደረገ አበባውን መቆንጠር ያቅተዋል፣ ያወለቀ ይደማል። ሁለት ሴቶች በቃን ብለው ሄዱ። አብሬያቸው ስለቅም የተቦጫጨረ እጄን ስታጠብ አንቺ ትዝ አልሽኝ፤ ገና ጎህ ሲቀድ ብርድ ልብሴን ገፈሽ፣ ተነሺ፣ እሾሁ ጤዛ ጠጥቶ ለስልሷል የምትይኝ። ያኔ ከልቤ እናደድብሽ ነበር።

ፈራ ተባ እያልኩ ለሚዛን ነገርኩት። ይመዘን አለ። ግማሹ ረድፍ በጤዛ፣ ግማሹ በተለመደው ሰዓት ተለቀመ። በጤዛ የለቀሙት የሌሎቹን እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው አመጡ፣ እጃቸውም ሰላም ነበር። ሚዛን ሦስት ጊዜ መዘነና፣ የአንድ ዓመት ነገር ማስረጃ አይሆንም፣ ይደገማል አለ፤ ግን ዞር ብሎ ፈገግ ሲል አይቼዋለሁ። ሁለቱ ኪሎ ከቀጠሮው ሁለት ቀን ቀድሞ ደረሰ። የሄዱት ሴቶችም ተመልሰዋል።

በመዝገባችን ላይ “ምንጭ” የምትል ዓምድ አለች፤ ሁልጊዜ የምትሞላው በመጽሐፍ ስም ነው። ሚዛን ይኼን ከየት አገኘሽው አለኝ፤ ከእናቴ አልኩት። ምንም ሳይስቅ “የላቦራቶሪ ሠራተኛዋ እናት፣ በቃል” ብሎ ጻፈ። ቀና ብሎም፣ ሌላስ ምን ታውቃለች አለኝ። እናቴ አኩርፋ አታናግረኝም ማለት አፈርኩና እጠይቃታለሁ አልኩት። ሰባት ጥያቄ ጽፎ ሰጠኝ፤ ወረቀቱ ከዚሁ ደብዳቤ ጋር አለ። ፍሬው መድረሱን በምን ትለይዋለሽ፣ አበባውን የምታደርቂው በጥላ ነው በፀሐይ፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነው። የማታውቂውን አላውቅም በዪው፤ ከመልስ ሁሉ አብልጦ የሚወደው ያንኑ ነው።

አባዬን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ኪኒኑን ሳይደብቅ ይዋጥ። ልብስ ሰፊዋን ጉልበትሽ እንዴት ነው በያት፣ ደንበኞቿንም ሱፍ ሁሉን አያድንም፣ ልጅቷ አጋንና ነው ትበልልኝ። እህቴን እቅፍ አድርጊልኝ። በሆዷ ላለውም ሰላምታዬን ንገሩት፤ አክስትህ ጩኸታም ናት ብላችሁ ከአሁኑ እንዳታስፈራሩት።

ከጥያቄዎቹ ግርጌ በእርሳስ የተጻፈ ስምንተኛ አለ። እሱ የሚዛን አይደለም፣ የኔ ነው፤ ይቅር ብለሽኛል ወይ ይላል። የሱን መልስ በፖስታ አልጠብቅም። እሑድ ከሰዓት እደውላለሁ፤ ጎረቤት አትሂጂ።

ልጅሽ

ከምርምር ጣቢያው የሠራተኞች መኖሪያ፣ ክፍል ቁጥር 4
ኅዳር 9 ቀን