መጀመሪያ እኔ ልውጣበት

እታለም ታመው አልሞቱም። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ሥራ ላይ እያሉ፣ ኮርኒሱ ላይ የታሰረ ሐዲድ ተነቅሎ ወደቀባቸው።

ይህን ማስቀደም ያስፈለገው ከመሥሪያ ቤታቸው ተጽፎ የተላከልን የሕይወት ታሪክ «ከአጭር ሕመም በኋላ» ስለሚል ነው። ሕመሙ ምን እንደነበረ አይልም። ባለቤታቸው አነበቡትና «ይሄ የማን ነው?» ብለው መለሱት። እንግዲህ ይህኛውን ታናሽ እህታቸው ጽፋዋለች፤ እዚያው መሥሪያ ቤት፣ የልብስ ማጠቢያው ማሽን እየዞረ፣ በየመሃሉ። ጎደለ የሚል ካለ ከቀብር በኋላ ይንገራት።

እታለም ለእናት ለአባታቸው የበኩር ልጅ ናቸው። ከሳቸው በኋላ አራት ተወለዱ። አራቱም «እታለም» እያሉ ስለጠሯቸው ሰፈሩም፣ ትምህርት ቤቱም፣ በኋላ ባለቤታቸው ሳይቀሩ በዚያው ቀጠሉ።

አባታቸው ለግንበኞች መወጣጫ እንጨት የሚያስሩ ሰው ነበሩ። አስረው ሲጨርሱ ማንንም አያስወጡም፤ መጀመሪያ ራሳቸው ይወጡበታል። ጫፉ ላይ ደርሰው ሁለቴ ዘለል ዘለል ይሉና «በሉ ኑ» ይላሉ። እናታቸው ይህን አንድ ቀን ካዩ ወዲያ ወደዚያ እግራቸውን አላነሱም፤ ምሳውን የሚያደርሱት እታለም ሆኑ። ከታች ሳህኑን ይዘው ቆመው ወደ ላይ ያያሉ። ከአባታቸው እንጨት ላይ የወደቀ አንድም ግንበኛ የለም። እሳቸውም አርጅተው አልጋቸው ላይ ነው ያረፉት።

ትምህርት ቤት በሰባት ዓመታቸው ገቡ። በሕይወት ታሪክ ላይ ሰው ሁሉ ከክፍሉ አንደኛ ነው፤ እታለም መሃል ላይ ነበሩ። ሂሳብ ይሆንላቸዋል፣ የእጅ ጽሑፋቸውን ግን ራሳቸውም አያነቡትም። አሥረኛ ክፍል ሳሉ እናታቸውን አንድ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። እታለም ደብተሩን አስቀምጠው አስታመሙ። የተኛ ሰው እንዴት እንደሚገላበጥ፣ ትከሻው ሥር እጅ እንዴት እንደሚገባ፣ ሳያፍር እንዴት እንደሚታጠብ የተማሩት እዚያ ነው። ስድስት ዓመት ተኝተው እናታቸው ጀርባቸው ሳይቆስል አረፉ። ያስታመመ ያውቀዋል።

ትዳር የያዙት ሱሪ ሊያሳጥሩ ሄደው ነው። ልብስ ሰፊው «ነገ ነይ» አሏቸው። ነገ ሄዱ፤ «ነገ ነይ» አሏቸው። በሦስተኛው «ሱሪዬን ስጠኝ፣ ነገን ለራስህ አስቀምጠው» ብለው ቢቆጡ ሰውየው ሳቁ። በዓመቱ ተጋቡ። ሱሪው እስከዛሬ አላጠረም። ወንድና ሴት ወለዱ፤ ወንዱ የዳቦ መኪና ይነዳል፣ ሴቷ መድኃኒት ቤት ትሠራለች።

የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ድርጅት የተቀጠሩት ሁለተኛዋ ልጅ ትምህርት ቤት ስትገባ ነው። ቤቱ አንድ ረጅም ኮሪደርና አራት መኝታ ክፍል አለው፤ በየክፍሉ በእግሩ የማይቆም አንድ ሰው ይኖራል። ጫፉ ላይ ልብስ ማጠቢያው ነው። ታናሽ እህታቸውን እዚያ ያስቀጠሯትም እሳቸው ናቸው። ያኔ ሰው ከአልጋው ተነስቶ ዊልቸር ላይ የሚቀመጠው በእጅ ነበር፤ ሁለት ሰው፣ አራት እጅ፣ «በል ሆ» ተብሎ። የሁሉም ወገብ አለቀ።

ከዚያ ማንሻው መጣ። ኮርኒሱ ላይ ሐዲድ ይታሰራል፤ ከሐዲዱ ሞተር ይንጠለጠላል፤ ከሞተሩ እንደ አንቀልባ ያለ ወፍራም ጨርቅ ይወርዳል። ሰውየው አንቀልባው ውስጥ ይደረግና ሪሞቱን ሲጫኑት ከፍ ብሎ፣ በሐዲዱ ሄዶ ዊልቸሩ ላይ ያርፋል። አራቱም ክፍል በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰው፣ በአንድ ዓይነት ብሎን ተገጠመ። ገጣሚው እጁን ጠርጎ «በሉ አንዱን አምጡና እንሞክረው» አለ።

«በሰው አይሞከርም» አሉ እታለም። «መጀመሪያ እኔ ልውጣበት።»

«እርስዎ ሰው አይደሉም?»

«እኔ ሠራተኛ ነኝ።»

ከዚያን ቀን ወዲህ በየጠዋቱ እንደዚያ ነው። አልጋውን ከነሰውየው ወደ መስኮቱ ይገፉታል፤ አንቀልባው ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሪሞቱን ይጫናሉ። ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ ደርሶ፣ ተንጠልጥለው ትንሽ ይወዛወዛሉ። ይወርዱና «በሉ» ይላሉ። ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋሉ። መሥሪያ ቤቱ «ዥዋዥዌ» የሚል ስም አወጣላቸው። አልተቀየሙም።

የሌሊት ተረኛዋ ቦርሳዋን አንግባ በር ላይ ትቆማለች። «እታለም፣ ዛሬም ሊጫወቱ ነው? እኔ እኮ እንቅልፌ መጣ።»

«ቁጭ በይ። ስወርድ ትሄጃለሽ።»

«ካልወረዱስ?»

«ያኔማ ሥራ አለሽ።»

መጨረሻ የሚገቡት ዳኛው ክፍል ነው። ዳኛው ከአንገቱ በታች አይንቀሳቀስም፣ አይናገርም። ቅንድቡን ካነሳ አዎ ነው፤ ዓይኑን ከጨፈነ አይሆንም ነው። ቤቱ ውስጥ ክርክር ሲነሳ እሱ ጋ ይኬዳል፣ የፈረደው ይጸናል፤ ስሙም ከዚያ መጣ። ከአራቱ በኪሎ የሚከብደውም እሱ ነው። እታለም ከላይ ሆነው «ዳኛው፣ ልውረድ ወይስ ይደገም?» ይሉታል። ሁልጊዜ ዓይኑን ይጨፍናል። «ተፈርዶብኛል» ይሉና ሌላ ዙር ይወዛወዛሉ። ሲስቅ ትንፋሹ ብቻ ነው የሚሰማው።

መሥሪያ ቤቱ «ዜናችንና ጤናችን» የሚባል የሠራተኞች ወረቀት አለው፤ ሥራ አስኪያጇ አዘጋጅተው ሻይ ክፍል ይለጥፉታል። ማን ወለደ፣ ማን ተመረቀ፣ ውኃ ጠጡ፣ አንገታችሁን አዙሩ። አንድ ጊዜ እታለምን አንቀልባው ውስጥ ተንጠልጥለው እየሳቁ ፎቶ አንስተው «ባልደረባችን እረፍት ላይ» ብለው አወጧቸው። በዚህ የሕይወት ታሪክ ፊት ያለው ፎቶ ያ ነው። ፎቶ መነሳት ስለማይወዱ ሌላ የላቸውም። ከወገብ በታች ቆርጠነዋል። ትከሻቸው አጠገብ የሚታየው የቦርሳ ማንገቻ አይደለም፤ የአንቀልባው ማሰሪያ ነው።

ወደ ዓመቱ መጨረሻ ዳኛው ክፍል ያለው ሐዲድ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። ሞተሩ ከአልጋው በላይ ሲደርስ ሲጥ ይላል። እሳቸው ሲወጡበት ቀጭን ነው፣ ዳኛው ሲሆን ይወፍራል። አንድ ሰሞን በሳቸውም ወፈረ። ምሳ ላይ ለእህታቸው «እኔ አልወፈርኩም፣ እሱ ነው የወፈረው» አሏት። እህታቸው የቀለዱ መሰላት።

የጥገና ሠራተኛው መሰላል ይዞ መጣ። በዚያው ሰሞን ሥራ አስኪያጇ ለሠራተኞች ጤና ብለው ምን እንደሚያስቸግረን ጠይቀው ነበር፤ ብዙ ሰው ያ ሲጥታ ራስ ያሳምማል አለ። ስለዚህ ግራሶ ተቀባ። ድምፁ ጠፋ። በሚቀጥለው ወረቀት «ጆሯችን አረፈ» ተብሎ ወጣ፤ የሌሎቹ ሦስት ክፍሎች ሐዲድም ለጥንቃቄ ግራሶ ተቀባ።

ሰው ደስ ሲለው እታለም ጨነቃቸው። ኮሪደር ላይ የጥገና ሠራተኛውን ያዙት።

«ግራሶው ምን አደረገ?»

«ዝም አሰኘው።»

«ብሎኑንስ?»

«ብሎኑ ከኮርኒሱ በላይ ነው እታለም። እሱን ለማየት ኮርኒሱ መፍረስ አለበት። ፈቃድ አይሰጡኝም።»

«በፊት ሲብስበት ይነግረን ነበር። አሁን በምን እንወቅ?»

ጥገናው መሰላሉን አንስቶ ሄደ። ይህን የነገረን ራሱ ነው፣ ሐሙስ ዕለት ቤት መጥቶ፣ ሳይቀመጥ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ዳኛው ትራስ ላይ ነጭ ዱቄት መገኘት ጀመረ። ቀጭን፣ እንደ ኖራ። አንሶላውን የምታጥበው እህታቸው ናት፤ በእጇ ነክታ አይታዋለች። እታለም ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ገቡ። ኮርኒሱ ይታይ አሉ። እንግዶች ሊጎበኙን ነው፣ አሁን ቀለም የተቀባ ኮርኒስ አናፈርስም ተባሉ። እንግዲያውስ እስኪታይ ዳኛውን በእጅ እናንሳው አሉ። ሰው በእጅ ማንሳት ክልክል ነው፣ ለናንተው ጤና ብለን ነው የከለከልነው ተባሉ። ወጥተው ልብስ ማጠቢያው ጋ መጡ፤ እርጥብ ክምሩ ላይ ተቀመጡ።

«ምን አሉሽ?» አለች እህታቸው።

«ጤናሽን ጠብቂ።»

«አንቺ ግን አትውጪበት። ይቅርብሽ።»

«እኔ ከቀረሁ ዳኛው ነው የሚወጣው» አሉ። ተነሱና ቀሚሳቸው እርሶ ስላዩት «አጠብሽኝ እኮ» ብለው ሄዱ።

ባለቤታቸው ነገሩን ሲሰሙ የተጠራጠሩት ማሰሪያውን ነው፤ ልብስ ሰፊ ናቸው። አራቱን አንቀልባ ቤት አስመጥተው ማሰሪያዎቹን በድርብ ክር ደግመው ሰፉ። ለማለት ያህል የተሰፋ አልነበረም። ሲጨርሱ በጥርሳቸው ጎትተው «ይሄ ዝሆን ይችላል» አሉ። እታለም «አንተ ጨርቁን ነው የምታውቀው» አሏቸው እንጂ አመስግነዋል።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስቱን ክፍል ጨርሰው ዳኛው ጋ ገቡ። አልጋውን ወደ መስኮቱ ገፉ። እህታቸው ከግድግዳው ማዶ ፎጣ ታጥፍ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ ሰማች። ልማዳቸውን ጠየቁት፤ «ልውረድ ወይስ ይደገም?» ሲሉም ሰማች። ከዚያ ግድግዳው ገፋት።

ስትገባ ክፍሉ ነጭ ነው። ሐዲዱ ከነሞተሩ፣ ከነኮርኒሱ መሬት ላይ፣ አልጋው ይቆምበት በነበረው ቦታ። እታለም ከሥሩ። ትንፋሽ የላቸውም። ዳኛው መስኮቱ ጋ ፊቱ ዱቄት ለብሶ፣ ዓይኑ ፈጦ። ምንም አልነካውም። ማሰሪያው አልተበጠሰም፤ አንድ ክር አልለቀቀም። የለቀቀው ላይኛው ብሎን ነው።

ሥራ አስኪያጇ መጥተው መጀመሪያ የጠየቁት «እዚያ ላይ ምን ልትሠራ ወጣች?» ብለው ነው። ከሰዓት በኋላ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሲጫወቱ ነው የወደቁት የሚባል ወሬ ዞረ። ፎቷቸውም ተጠቀሰ። ማታውን ደግሞ የልብ ሕመም ነበራቸው ተባለ። አንዱን ይምረጡ።

እህታቸው ረቡዕ ዕለት የሌሊት ተረኛዋን ይዛ ዳኛው አጠገብ ተቀመጠች። ያየው እሱ ብቻ ነው።

«እታለም ታመው ነበር?» አለችው። ዓይኑን ጨፈነ።

«ሲጫወቱ ነበር?» ጨፈነ። አልገለጠም። «ይበቃል፣ ገባኝ» እስክትለው ድረስ አልገለጠም።

«አንተን ስለፈሩልህ ነው የወጡት?»

ቅንድቡን አነሳ። እንደተነሳ ቆየ።

የሌሊት ተረኛዋ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ዳኛው የፈረደው በዚያ ቤት ይጸናል፣ እንደተባለው።

በዚህ ሳምንት «ዜናችንና ጤናችን» በጥቁር መስመር ተከቦ ወጥቷል። «ከአጭር ሕመም በኋላ» ይላል። ሐዘን ለበዛበት ሰው አየር በአፍንጫ ስቦ በአፍ ማውጣት ይረዳል ይላል። ከታች በትንሽ ፊደል፣ ከእንግዲህ ማንሻው ላይ ሠራተኛ መውጣት በጥብቅ የተከለከለ ነው ይላል። የዳኛው ክፍል ተቆልፏል፤ ዳኛው ሳሎን ተኝቷል። ሌሎቹ ሦስት ክፍሎች ሥራ ላይ ናቸው። ያው ብሎን፣ ያው ግራሶ፣ በጠዋት መጀመሪያ የሚወጣበት ሰው የለም። ሐሙስ ዕለት ከሁለተኛው ክፍል የመጣው የትራስ ልብስ ላይ ዱቄት ነበር።

እታለም ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት ታናናሾቻቸውንና፣ የቤተሰብ ዝርዝር ውስጥ አይገቡም ቢባልም፣ የአራቱን ክፍል ሰዎች ጥለው ሄደዋል። በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። አምላክ ነፍሳቸውን ማንም ቀድሞ መሞከር በማያስፈልገው ቦታ ያሳርፍልን። ላዘናችሁ ሁሉ መጽናናቱን ይስጣችሁ። ሰሚ ጆሮም ይስጥ።

ታናሽ እህታቸው ይህን ጽፋ ማሽኑን አጠፋች። ከሌሊት ተረኛዋ ጋር ሦስቱንም ሰዎች በእጃቸው አንስተው ዊልቸር ላይ አስቀመጧቸው፤ አልጋዎቹን ሁሉ ወደ መስኮት ገፉ። ከዚያ ማንም ማንሻውን እንዳያስነሳ ሦስቱን ሪሞት ከየሞተሩ ነቀለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ቦርሳውን ይዛ ነው ቀብር የመጣችው።